ዓይኑን አላስጨፈንኩትም

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ልጆቼ የሚያውቁት ግማሹን ብቻ ነው። ጉዮ የሚባል ሰው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ጭኑ እንደተሰበረ፣ እኔም በጭነት መኪና ነጌሌ ሆስፒታል ድረስ እንዳደረስኩት ያውቃሉ። እንግዳ ሲመጣ እንደ ደግ ሥራ አድርገው ይተርኩታል፤ እኔ ዝም እላለሁ። አሁን ዕድሜዬ ሰባን አልፏል። ቀሪውን ግማሽ የሚያውቁ ሰዎች እያነሱ ነው፤ ከኔ ጋር እንዲቀበር አልፈልግም።

አባቴ ነጌሌ የጦር ሰፈር ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። እኔም እዚያው ተወልጄ አደግሁ። ኦሮምኛ የተማርኩት ከሰፈሩ አጥር ውጪ ካሉ ልጆች ጋር ስጫወት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የጤና ረዳትነት ሠለጠንኩ። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ አሬሮ ወረዳ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ክሊኒክ ተመደብኩ። ክሊኒኳ ሁለት ክፍል ነበራት፤ በአንዱ እሠራለሁ፣ በሌላው መድኃኒት ይቀመጣል። ባለቤቴ ሻኪሶ ስለሚሠራ በወር አንዴ ይመጣል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ሥራዬን እንደምችል አምን ነበር፤ ሰውም ይህን ያምን ነበር። በኦሮምኛ ወይዘሮ ለማለት «አዴ» ይሉኛል፤ «አዴ ጽጌ ካለች አለች ነው» ይሉ ነበር።

በተለይ የምኮራበት ነገር የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናዬ ነበር። በዚያን ጊዜ በሽተኛው ከኪኒኑ ጋር ስትሬፕቶማይሲን የሚባል መርፌ ለሁለት ወር በየቀኑ ይወጋ ነበር። አርብቶ አደር ሰው ከብቱን ትቶ ሁለት ወር አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም፤ ሳሉ ትንሽ ሲሻለው ይጠፋል። ከሌሎች ክሊኒኮች ብዙዎች ይጠፉ ነበር። ከኔ ግን አንድም ሰው አልጠፋም። እቆጣለሁ፣ እለምናለሁ፣ ሚስት ልኬ አስጠራለሁ። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ይህንኑ እያነሱ ያመሰግኑኛል።

ጉዮ የመጣው በደረቁ ወቅት መግቢያ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነበር። ከክሊኒኩ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ የሚገኘው ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ውሃ ከሚያወጡት ወንዶች አንዱ ነው። ጉድጓዱን ላላየ ሰው ላስረዳ። ከብቶቹ ምድሩ ተቆርሶ በተሠራ ተዳፋት መንገድ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ መንገዱ ማለቂያ ላይ የጭቃ ገንዳ አለ። ከገንዳው ወዲያ ጉድጓዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሰዎች በግድግዳው ላይ ባሉ እርከኖች አንዱ ከአንዱ በላይ ይቆማሉ። የታችኛው በቆዳ ባልዲ ቀድቶ ወደ ላይ ይወረውራል፤ ያኛው ይቀበልና ለበላዩ ያቀብላል፤ ባዶው ባልዲ በሌላ እጅ ይመለሳል። ባልዲው እንዳይሳት ሁሉም በአንድ ዜማ እየዘፈኑ ይሠራሉ። ጉዮ ከታች ሁለተኛው እርከን ላይ ነበር የሚቆመው። ብርሃን የማይደርስበት ቦታ ነው፤ ለጎበዝ የሚሰጥ ቦታ ነው። ሰው ጉድጓዱ ላይ ካልሠራ ከብቶቹ ተራ የሚያገኙት በሌሎች ትከሻ ነው። ጉዮ ክሊኒኩ አጠገብ ሰው ቤት ተጠግቶ ሁለት ወር ሙሉ የሚጨነቀው በሳሉ ሳይሆን በዚህ ነበር። ሚስቱ ሎኮ በየሳምንቱ ወተት ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃት ማን በእርሱ ቦታ እንደቆመ ነው።

አርባኛው መርፌ አካባቢ ጆሮው ውስጥ ንብ እንደገባ ነገረኝ። ኪኒን ባዶ ሆድ ላይ ስለምትውጥ ነው አልኩት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለኝ።

«አዴ ጽጌ፣ እኔ ስቆም ግራሩ ይቆማል። ስራመድ ግራሩም ይዘላል። በዚህ የሚያልፉትን ላሞችም እንዲሁ፤ ቆሜ ካልሆነ ምልክታቸውን አላየውም። መርፌሽ ዛፍና ከብት ያስጨፍራል እንዴ?»

እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ወተትህን ጠጣ፣ ሥጋ ብላ፣ ደክመህ ነው አልኩት። የማዞር ነገር እንዳለው ጠየቅሁት? አልጠየቅሁም። ሃያ የማይሞላ መርፌ ነበር የቀረው፤ ምክንያት ካገኘ የሚሄድብኝ መሰለኝ።

ሥልጠና ላይ ሳለን አስተማሪያችን አንድ ነገር ደጋግሞ ነግሮናል። ስትሬፕቶማይሲን የሚወስድ ሰው ጆሮዬ ጮኸ ካለ እግሮቹን ገጥማችሁ አቁሙትና ዓይኑን አስጨፍኑት። ከተንገዳገደ መርፌው ይቁም፤ ወደ ሆስፒታል ላኩት ብሎናል። ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። አልረሳሁትም ነበር።

ስልሳኛው መርፌ ሰኞ አለቀ። ጉዮ ወደ ጉድጓዱ መመለስ እችላለሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ግቢው አወጣሁትና ከበሩ እስከ አጥሩ በቀጥታ እንዲሄድ አዘዝኩት። እኩለ ቀን ነበር፤ ፀሐይ አናት ላይ። ቀጥ ብሎ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ ተመለሰ። እግሩን ትንሽ አስፍቶ እንደሚረግጥ አይቻለሁ። በር ላይ ወረፋ የያዙ እናቶች ነበሩ፤ አንዱ ሕፃን ያለቅሳል። ዓይኑን ላስጨፍነው አስቤ ነበር። በኋላ አደርገዋለሁ እንዳልል መሄዱ ነው። ሂድ፣ ድነሃል አልኩትና ወደ ሕፃኑ ዞርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ክትባት ይዤ ወደዚያው ጉድጓድ ሄድኩ። በደረቅ ወቅት ሰው ሁሉ የሚገኘው ውሃ ያለበት ስለሆነ ክትባት የምንሰጠው እዚያ ነበር። ፍየል ለመጫን የሚሄድ አይሱዙ አሳፈረኝ። ስደርስ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከግራሮቹ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሃምሳ ያህል ይሆናሉ። ስንት ዓመት መርፌ አናስወጋም ብለው የኖሩ ሰዎች ናቸው። እነሱን እዚያ ለማስቀመጥ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

የውሃውን ተራ የሚያዝዘው ሽማግሌ አባ ጃርሶ ከመንገዱ አፍ ላይ በትሩን ይዞ ቆሟል። እሱ ሳይፈቅድ ላም አትወርድም፣ ሰው እርከን ላይ አይቆምም። «አካም» ተባባልን፤ ስለ ከብት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ዝናብ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም «ናጋ»፣ ሰላም ነው፣ አልኩ።

ጉዮ ለሥራ ልብሱን አውልቆ፣ ሽርጡን አጥብቆ መጣ። ደስ ብሎታል። በተዳፋቱ መንገድ መውረድ ሲጀምር ከኋላው አየሁት። ፀሐይ እስካለበት ድረስ ደህና ሄደ። የግድግዳው ጥላ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን ያዘ። ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም።

የሎኮ ወንድም አይቶት ኖሮ ከታች ጮኸበት። «ጉዮ፣ ሁለት ወር ክሊኒክ ተቀምጠህ ግድግዳ ወደድክ? ሙሽራ እንኳ እንዲህ ቤት አትይዝም።»

ሰዎቹ ሳቁ። ጉዮም «ግድግዳው እንዳይወድቅ ደግፌው ነው» ብሎ መለሰ። እጁን ግን አላነሳም።

አባ ጃርሶ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ጠየቀኝ።

«አዴ ጽጌ፣ አንቺ ነሽ ያከምሽው። ድኗል? እርከኑ ላይ ላቁመው?»

እዚህ ላይ በፍጥነት ማለፍ አልችልም። ያን ጊዜ የማውቀውን ልናገር። እጁ ግድግዳ ላይ እንዳለ አይቻለሁ። ንቡ፣ የሚዘለው ግራር፣ ሰፋ ያለው እርምጃ፣ ያላስጨፈንኩት ዓይን፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታወሱኝ። ምን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ መርፌው የሆነ ነገር እንዳደረገው ግን ገብቶኛል። «ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልየው» ማለት በቂ ነበር። ከኋላዬ ደግሞ ሃምሳ እናቶች ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ። የኔ መርፌ ሰው ጎዳ ካልኩ ልጆቻቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ይህን ምክንያት ለብዙ ዓመት ለራሴ ስነግር ኖሬያለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ከሱ ሥር ያለው ግን ሌላ ነው። አዴ ጽጌ ካለች አለች ነው የሚለው ሰው ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ ማለት አልፈለግሁም።

«ድኗል» አልኩ።

አባ ጃርሶ በትሩን አነሳ። ጉዮ ወደ ታች ወረደ።

ወደ እናቶቹ ተመለስኩ። የመጀመሪያውን ሕፃን ወጋሁ፣ ሁለተኛውን ወጋሁ። ከጉድጓዱ ዘፈኑ ተጀመረ። ዘፈኑን እየሰማሁ ነበር የምሠራው፤ እስካልተቋረጠ ድረስ ደህና ነው እላለሁ በልቤ። አምስተኛው ሕፃን ላይ ስደርስ አላስቻለኝም። መርፌውን አስቀምጬ ወደ መንገዱ አፍ ሄድኩ፤ ከዚያም ወረድኩ። ለምን እንደምወርድ ለራሴም አልነገርኩም። ላስቆመው ይሁን ወይስ ደህና መሆኑን አይቼ እፎይ ልል፣ እስካሁን አላውቅም።

ገንዳው አጠገብ ቆሜ ወደ ታች አየሁ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ቆየ። ስድስት ሰው ናቸው። ከታች ሁለተኛው ጉዮ ነው፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ባልዲ ሲቀበል ዓይኑን ከባልዲው አይነቅልም፤ በሁለት እጁ ስለሚሠራ ግድግዳውን መያዝ አይችልም። ዘፈኑ ፈጠነ። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ደንግጦ ቢዞርስ ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

ከላይ የሚመለሰው ባዶ ባልዲ ባዶ አልነበረም፤ ትንሽ ውሃ ቀርቶበት ነበር። ሲያልፍ ተደፋና የጉዮን ፊት መታው። ዓይኑን ጨፈነ። ማንም የሚያደርገው ነገር ነው፤ ፊቱን ውሃ የመታው ሰው ዓይኑን ይጨፍናል።

እኔ ያላደረግሁትን ጉድጓዱ አደረገው።

አልተንሸራተተም። እጁን እንኳ አልዘረጋም። ቆሞ እንዳለ፣ ወደ ጎን እንደሚዘነብል አጥር ቀስ ብሎ አዘነበለ፤ መውደቁን ራሱ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ከዚያ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ዘፈኑ ቆመ።

በገመድና በትከሻ አወጡት። ቀኝ ጭኑ ተሰብሯል። በእንጨትና በጨርቅ አሰርኩለት። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ክሊኒክ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ጨረሰ፣ ቸኮለ ይላሉ። አንድም ሰው ወደ እኔ አላየም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

የአይሱዙው ሹፌር የጫናቸውን ፍየሎች አወረደ። ጉዮን፣ ሎኮንና እኔን ከኋላ ጭኖ የነጌሌን መንገድ ያዘ። የዳዋን ወንዝ እስክንሻገር ድረስ ጉዮ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ራሱ እግሬ ላይ ነበር። ከወንዙ ወዲህ ዳገቱ ላይ ዓይኑን ከፈተ።

«ዓይኔን ስጨፍን ምድር ጠፋችብኝ» አለ። «አዴ ጽጌ፣ ምድር እንዴት ትጠፋለች?»

«አትናገር፣ እረፍ» አልኩት።

ሎኮ እጁን ይዛ እኔን ታየኝ ነበር።

ሆስፒታል የተቀበለን ወጣት ሐኪም እግሩን ካስተካከለ በኋላ ለብቻዬ ጠራኝና ምን መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጆሮው ይጮህ ነበር? አለ። ነግሮኝ ነበር አልኩ። መቼ? አርባኛው መርፌ ላይ። ሐኪሙ እርሳሱን አስቀመጠ። አልተቆጣኝም፤ እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስረዳኝ። ያን ቀን የነገረኝን እስከ ዛሬ እንደ ጸሎት አውቀዋለሁ።

ጆሮ የተሠራው ለመስማት ብቻ አይደለም አለኝ። ከመስሚያው ጎን፣ አጥንቱ ውስጥ፣ ፈሳሽ የሞላባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ራሳችንን ስናዘነብል ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፤ እዚያ ያሉ ጥቃቅን ሴሎች ይህን ለአንጎል ያደርሳሉ። አንጎል ሰውነታችን ቆሞ ይሁን ዘንበል ብሎ የሚያውቀው ከሦስት ቦታ በሚመጣለት ወሬ ነው፤ ከጆሮ፣ ከዓይን፣ ከእግርና ከጡንቻ። ሦስቱን አስተያይቶ ይፈርዳል። መርፌው የጉዮን የጆሮ ሴሎች ገድሏል፤ የሞቱት ደግሞ አይበቅሉም። መስማቱ ስላልጠፋ ጆሮው ነው የታመመው ብሎ የሚጠረጥር የለም። በፀሐይ ዓይኑ ጆሮውን ተክቶ ያቆመዋል። በጨለማ፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ግን አንጎሉ የሚይዘው ነገር ያጣል። ስለሚዘለው ግራርም ስነግረው አስረዳኝ። ስንራመድ ራሳችን ይነቃነቃል፤ አንጎል ከጆሮ ይሰማና ዓይናችንን በተቃራኒው እያዞረ ዓለሙን ያቆምልናል። ለጉዮ አንጎል ግን ይህን የሚነግረው ጆሮ አልነበረም።

«ግራሩ ሲዘል መርፌውን ብታቆሚው ኖሮ ምናልባት የሚተርፍ ነገር ይኖር ነበር» አለኝ። «መንገር ያለብሽ ደግሞ አንቺ ነሽ፤ እኔ አይደለሁም።»

ያን ዕለት አልነገርኩም። በማግስቱ ጠዋት አልጋው አጠገብ ቆሜ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ሐኪሙ ያለውን፣ አስተማሪዬ ያለውን፣ አባ ጃርሶ ሲጠይቀኝ እጁን ግድግዳ ላይ አይቼ እንደነበር፣ ሁሉንም። በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት፤ ቃሉን የማሳምርበት ቋንቋ ስላልሆነ ጠቀመኝ።

ሎኮ የጠፋው ነገር ይመለሳል ወይ ብላ ጠየቀች። አይመለስም፣ አንጎሉ ግን በዓይኑና በእግሩ መሄድን ቀስ በቀስ ይማራል አልኳት። እሷም ድምፅዋን ሳታነሳ፣

«ድኗል ያልሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጉዮ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ። ከዚያ «ሳሉ ግን ቆሟል» አለ። ሊያጽናናኝ ይሁን ሊወቅሰኝ አላውቅም፤ ምናልባት ያለውን መናገሩ ብቻ ነው።

ወደ ክሊኒኬ ስመለስ ለአባ ጃርሶም ነገርኩት። የፈራሁት ደረሰ። በሚቀጥለው ክትባት ከእናቶቹ ግማሹ አልመጡም። መርፌ ከጀመሩት በሽተኞቼ ሁለት ሰዎች ጠፉ። አንዷን በእግሬ ሄጄ መለስኳት፤ ሌላውን አላገኘሁትም። እውነት መናገር ሁሉን አስተካከለ ብዬ ልጽፍላችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ መርፌ የሚወስድ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ፊቴ እግሩን ገጥሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆም ነበር። የተንገዳገዱትን መርፌያቸውን አቁሜ ወደ ሆስፒታል ልኬአለሁ። ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም፤ በጉዮ ምትክ የምቆጥራቸው እንዳይሆንብኝ ፈርቼ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ መድኃኒት ጀምሮ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ምድር ትዞራለች፣ ዛፍ ይዘላል የሚል ሰው ካለ ብላ፣ ጠጣ፣ ደክመህ ነው አትበሉት። እየቀለደም ቢነግራችሁ ስሙት። በጨለማ ግድግዳ የሚይዝ ሽማግሌ ካላችሁ አትሳቁበት። ባለሙያ የሆናችሁ ደግሞ ሰው ሁሉ እየሰማ ስትጠየቁ «ቆይ፣ ልየው» ማለትን ልመዱ። እኔ ያን ሁለት ቃል ማለት አቅቶኝ ነው ጉዮ የወደቀው።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት፣ ወደ ጉድጓዱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ጉዮ ከመንገዱ አፍ ላይ፣ ከአባ ጃርሶ ጎን፣ ፀሐይ ውስጥ በትር ተመርኩዞ ቆሟል። ከብቶቹ በተራ እንዲወርዱ የሚያደርገው እሱ ሆኗል። እግሩ ያነክሳል። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ሎኮ መጥታ ትወስደዋለች አሉኝ። ከዘፈኑ ጋር ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ድምፅ ግን አያወጣም።

ሰላም ተባባልን። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፤ ሆስፒታል ሳለን ሁሉን ነግሬው ይህን ቃል ግን አልተናገርኩም ነበር። በበትሩ ከፊቱ ያለውን ምድር መታ መታ አደረገ።

«እዚህ ቁሚ» አለኝ።

ቆምኩ።

«እግርሽን ግጠሚ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈንኩ። ከታች ዘፈኑ ይሰማል፤ አንዲት ላም በአጠገቤ አለፈች፤ አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ እንደሚያየኝ አውቃለሁ።

«ምድር የት ናት?» አለኝ።

«እግሬ ሥር» አልኩ።

«እንዴት አወቅሽ?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ሐኪሙ አስተምሮኛል። እሱ ያጣው ጆሮ ነው የነገረኝ፤ እንዴት ብዬ ልበለው። ክፈቺ እስኪለኝ ጠበቅሁ፤ እሱም አላለኝም። ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ አንዲት ጣት ያህል እንኳ ሳልወዛወዝ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።